ሲራራው ሲያልፍ ማን ይቀራል? የፍልሰተኞች ብዛትና ዕድገት

ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ከተማ ናት። ድሬዳዋ ከመቆርቆሯ በፊት ግን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ ላይ ዐቢይ ማረፊያ ነበረች። በግመል የመጣው ጭነት እዚያ ይራገፍና በበቅሎና በአህያ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ለመሆኑ በዚያ ዘመን ጀልዴሳ ስንት እንግዶች ነበሯት?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሁለት መጠኖችን ያደባልቃል። በበርሜል ውስጥ ያለው ውኃ በሊትር ይለካል፤ ከቧንቧው የሚወርደው ግን በሊትር በሰዓት ነው። የመጀመሪያውን ክምችት፣ ሁለተኛውን ፍሰት እንበላቸው። ገቢና ወጪው እኩል ሲሆን ክምችቱ የፍሰቱና የአማካይ ቆይታው ብዜት ነው። ወደ አንድ ማረፊያ በቀን 200 መንገደኞች ገብተው ሦስት ሦስት ቀን ቢያርፉ፣ በማንኛውም ቀን የሚገኙት 600 ናቸው። ወደ ሌላ ከተማ በቀን 5 ሰዎች ብቻ ገብተው ሃያ ሃያ ዓመት ቢኖሩ ግን ክምችቱ ውሎ አድሮ 36,500 ይደርሳል። ፍሰቱ አንድ አርባኛ፣ ክምችቱ ስልሳ እጥፍ መሆኑ ነው!

ጀልዴሳ የፍሰት ቦታ ነበረች። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ጀልዴሳን ትቶ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ድሬዳዋ የክምችት ከተማ ሆነች። ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዐረቦችና ሕንዶች መጥተው ሱቅ ከፈቱ፤ ልጆችም ወለዱ።

እነዚያ ልጆች ፍልሰተኞች ናቸውን? ስታቲስቲክስ በአብዛኛው ፍልሰተኛ የሚለው ከሚኖርበት አገር ውጭ የተወለደን ሰው ነው፤ ስለዚህ አይደሉም። የ1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ግን ዜግነትን ከወላጅ እንጂ ከትውልድ ቦታ ስላላገኘው የውጭ አገር ሰዎች ሆነው ይቈጠሩ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙዎቹ ወደ ወላጆቻቸው አገር ሲሄዱ ደግሞ ድሬዳዋ ተወልደዋልና እዚያ ፍልሰተኞች ሆኑ። የቆጠራ ሰንጠረዥ የሚያነብ ተማሪ ከቁጥሩ በፊት ትርጉሙን መጠየቅ አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን አገሪቱን በሙሉ እንመልከት። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በኢትዮጵያ የነበሩት ፍልሰተኞች እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 1.15 ሚሊዮን፣ በ2000 ወደ 600 ሺህ፣ በ2020 ደግሞ ወደ 1.1 ሚሊዮን ነበሩ። ድርሻቸው ግን ከሕዝቡ 2.4 በመቶ ወደ 1 በመቶ ግድም ወርዷል፤ በርሜሉ ራሱ ሰፍቷልና። «ስደተኛ አጥለቀለቀን» የሚልም ሆነ «ምንም አልመጣም» የሚል ሰው የሚፈልገውን ቁጥር ከዚሁ መርጦ ማውጣት ይችላል።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ያው ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የሀርጌሳን ጦርነት የሸሹ ሶማሌዎች በጅጅጋ አቅራቢያ በሀርትሼክ ሰፈሩ፤ መጠለያው በአንድ ወቅት ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች ይዞ በዓለም ትልቁ ሆኖ ነበር። ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2004 ተዘጋ። ኋላ ክምችቱን መልሰው ከሞሉት መካከል ብዙዎቹ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የፈነዳውን ጦርነት ሸሽተው በጋምቤላ በኩል የገቡ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው።