ተጨማሪ መረጃ፦ ሼትላንድ እና የካርታው ሕግ

ስኮትላንድ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ32 የአካባቢ ምክር ቤቶች ተከፋፍላ ትተዳደራለች። ከሁሉም በስተሰሜን የሚገኘው ሼትላንድ ነው። ወደ 100 ከሚጠጉት ደሴቶቹ ሰው የሚኖርባቸው 16 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ የሕዝቡ ብዛት ወደ 23,000 ይደርሳል። የአስተዳደሩ መቀመጫ ለርዊክ ናት። በደሴቶቹ መካከል ሰውና መኪና የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ምክር ቤቱ ራሱ ያንቀሳቅሳል፤ በዚያ አገር ጀልባ ማለት መንገድ ነውና።

ይህ አስተዳደር በተለይ ሊጠና የሚገባው በነዳጅ ዘይት ጉዳይ ባደረገው ብልህ ውሳኔ ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲገኝ፣ የአካባቢው ምክር ቤት ኩባንያዎቹ እስኪደላደሉ አልጠበቀም። በ1974 የብሪታንያ ፓርላማ ልዩ ሕግ እንዲያወጣለት አደረገ። በሕጉ መሠረት በሰለም ቮ የባሕር ወሽመጥ ዙሪያ መሬት የመግዛትና ወደቡን የማስተዳደር ሥልጣን አገኘ። ከነዳጁ የተገኘው ገንዘብም በአደራ ተቀማጭ ሆኖ ለአረጋውያን መንከባከቢያና ለስፖርት ማዕከላት ዋለ። ጥቂት ሕዝብ ያለው አካባቢ ከግዙፍ ኩባንያዎች ጋር እንዲህ በእኩልነት መደራደሩ ሊደነቅ ይገባዋል።

ካርታ ሠሪዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ሼትላንድን ከትክክለኛ ቦታዋ አንሥተው በጠርዝ ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጧት ነበር። ነዋሪዎቹ ርቀታቸው እየተዘነጋ መቸገራቸውን ደጋግመው ተናገሩ። በ2018 የወጣው የስኮትላንድ የደሴቶች ሕግ የመንግሥት ተቋማት በካርታቸው ላይ ሼትላንድን በትክክለኛ ቦታዋ እንዲያሳዩ ያዛል፤ ይህን የማያደርግ ተቋም ምክንያቱን መግለጽ አለበት።