በእንቅርት ላይ ደም ማነስ

የሰሜን ጎንደር ደገኛ እንቅርትን ከመጽሐፍ አይማርም። በተራራው ላይ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል፤ በአፈሩ ከሌለ በገብሱም በድንቹም አይገኝም። የአንገት እጢ የጎደለበትን ለማሟላት ሲታገል ያብጣል። የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ በአገራችን የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እናም በጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ውስጥ አንዲት እናት በአሮጊት ድመታቸው አንገት ሥር ምስር የምታህል እብጠት ቢዳስሱና «እንቅርት ወጣባት» ቢሉ አይገርምም። ስሙ ልክ ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ታይሮይድ ከአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ የተለጠፈ እጢ ነው። ሥራው የሰውነትን እሳት መቆጣጠር ነው፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ምድጃው ይቀዘቅዛል፣ ሲበዛ ይንቀለቀላል። የደጋው ሰው እጢ የሚያብጠው ከማጣት ነው። የድመቷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት አብቅሎ ከልክ በላይ ሆርሞን ስለሚያመርት ነው። በሽታው ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸውን ይመርጣል። ድመቷ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች፤ ሌሊት እየዞረች ትጮኻለች፣ ውሃ ታበዛለች፣ ታስመልሳለች፣ ልቧ ይጋልባል። ሐኪሞች ይህን በሽታ በስሙ መጥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ላይ ከተገለጸ ወዲህ ነው። በእኛ መንደር ውሻውን፣ ቅዝቃዜውንና የአይጥ መርዙን አልፋ እዚህ ዕድሜ ላይ የምትደርስ ድመት ብዙ አይደለችም። የደረሰችው ግን በቤቱ ውስጥ እንደ አዛውንት ናት፤ ጎተራ ስትጠብቅ የኖረች ናትና።

አሁን በዚህ ላይ ደም ማነስ ይጨመር። አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ በሽታዎች የማይስማሙ መሆናቸው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ቀይ የደም ሕዋሳት ቢጨምሩ እንጂ ሲቀንሱ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ እንቅርት ያላት የምትመስል ድመት ደሟ ካነሰ፣ ጥፋተኛው እንቅርቱ ሳይሆን ሌላ የተደበቀ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መፈለግ ያለበትም አስቀድሞ እሱ ነው።

ደም ማነሱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። የጉበት ትል የያዘውን በግ ለመለየት የዓይኑን ቆብ ገልብጦ የሚያይ እረኛ፣ የድመቷን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ድዷን ቢያይ ይበቃዋል። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፤ ደሟ ያነሰ ድመት ድድ እንደ ተባዘተ ጥጥ ይነጣል። ድንገት ጠባይዋ ተለውጦ ከተናከሰችና ለሃጯ ከተዝረከረከ ግን እጅን መሰብሰብ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል።

ደሙ የት ሄደ? በግልገሏ ቁንጫ ብቻውን ደም ሊጨርስ ይችላል። በአሮጊቷ ኩላሊት ሲደክም መቅኔውን «ደም ሥራ» የሚል ትእዛዝ ይቋረጣል። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ደግሞ ደሟ መርጋት ያቅተውና ወደ ውስጥ ትደማለች። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሽንኩርት ነው። የድመት ሄሞግሎቢን በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር በቀላሉ ይጎዳል፤ በሰው ሄሞግሎቢን ላይ ሁለት የሆነው ተጋላጭ ቦታ በድመት ላይ ስምንት ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደቷ 5 ግራም ገደማ ሽንኩርት ሊጎዳት ይችላል፤ መቀቀሉም አያድናትም፤ ጉዳቱም የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ወጡን የሚጠረጥር የለም። ወጣት ድመት አይጧን ይዛ ራሷን ታበላለች። ጥርሷ የወለቀው አሮጊት ግን የገበታ ትራፊ ጠባቂ ናት፤ በሁዳዴ ደግሞ ገበታው ላይ ያለው ሽሮ ነው፣ ሽሮው ውስጥም በርበሬው ውስጥም ሽንኩርት አለ። ድመት ጾም የላትም፤ ያለ ሥጋ መኖር አትችልም። ሥጋው ወጥ ከመሆኑ በፊት፣ ቅመም ሳይነካው፣ ድርሻዋን ቆርጦ ማስቀረት የሕክምናዋ ግማሽ ነው።

ሌላው አደጋ የመድኃኒት መሳቢያው ነው። ለራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል አንዱ ፍሬ ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም፣ ድዷም ወደ ቡና ዓይነት ይለወጣል። የእንቅርቱ መድኃኒትም ወጥመድ አለበት። በአገራችን ሐኪም ቤቶች ታይሮይዳቸው ለበዛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሮፒልታዮራሲል ነው። ድመቶችም መጀመሪያ ላይ በእሱ ታክመው ነበር፤ አንዳንዶቹ የገዛ ሰውነታቸው ቀይ ሕዋሳታቸውን ሲያጠፋ ስለታየ ቀርቶ ሜቲማዞልና ካርቢማዞል ተተኩ። እነሱም ቢሆኑ ማስመለስ፣ ፊትን ማሳከክ፣ አልፎ አልፎም የደም ሕዋሳትን ማሳነስ አላቸው። ለጎረቤት እንቅርት የታዘዘ ፍሬ ተለምኖ ለድመት አይሰጥም።

የእንስሳት ክሊኒክ የሚደረስበት ከሆነ አንዱ ምርመራ ቀላል ነው። የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች የከብት ገንዲ ሲፈልጉ ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሽከርክረው የቀይ ሕዋሳቱን ድርሻ ይለካሉ፤ ያው ቱቦ ለድመትም ይሠራል። ከ30 እስከ 45 በመቶ ደህና ነው፤ ከ20 በታች ያስፈራል። ለእንቅርቱ የሚለካው ቲ4 የተባለ ሆርሞን በሰውም በድመትም አንድ ነው፤ የሚለያየው ጤናማ የሚባለው መጠን ነው። ታዲያ አንድ ተንኮል አለው፤ ሌላ ከባድ በሽታ ቲ4ን ወደ ታች ይጎትተዋል። ደሟ ያለቀ ድመት እንቅርት እያለባት ውጤቷ «ደህና» ሊል ይችላል። ያኔ ደሙን አክሞ ከሳምንታት በኋላ እንደገና መለካት ነው። የታይሮይዱ ግለት የደከመ ኩላሊትንም ይሸፍናል፤ እሳቱ ሲበርድ ኩላሊቱ ይገለጣል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ደም ያነሳት ድመት ይበርዳታል፤ የጃናሞራ ሌሊት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ከምድጃው ዳር ደረቅ ጨርቅ ይነጠፍላት። ለበግ ወይም ለውሻ የተዘጋጀ የቁንጫ መድኃኒት አይረጭባት፤ በተለይ ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። በሳምንት አንዴ በከረጢት ተይዛ ትመዘን፤ 4 ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰች፣ 60 ኪሎ ሰው ሰባት ኪሎ ተኩል እንደማጣቱ ነው። ተኝታ ሳለ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ ከተነፈሰች ቀጠሮ አይጠበቅም። መቅኔ አዲስ ሕዋስ ወደ ደም ለማውጣት አራት አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድዷን በየሰዓቱ መግለጥ እሷን ማሰልቸት ብቻ ነው። በሁለት ቀን አንዴ ይበቃል፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በደጃፉ ብርሃን። አንዱ ቀን በኩራዝ ሌላው በፀሐይ ከታየ ቀለሙ ያሳስታል።