አዲስ የተገዛን ፈረስ ለጋጣው ማላመድ

ዱርቤቴ፦ ፈረስ ከሚበዛበት ከጎረቤት አገው ምድር ተገዝቶ ወደ ደቡብ አቸፈር ቀበሌዎች የሚገባ ፈረስ በደረሰበት ዕለት ከነባሮቹ ጋር መታሰር የለበትም። ጤነኛ መስሎ የገባ አንድ ፈረስ የመንደሩን የጋማ ከብት ሁሉ ሊበክል ይችላልና ቢያንስ 21 ቀን ለብቻው ይቆይ። ሆኖም ፈረስ ብቸኝነት ስለሚያሸብረው ሌሎቹን ከርቀት የሚያይበት ቦታ ይመረጥለት።

ባልዲው፣ ኮርቻውና ልጓሙ የራሱ ይሁን። በእግሩና በአንገቱ ላይ ተሰልፎ የሚወጣ እባጭ ወይም ከአፍንጫው የሚወርድ መግል ከታየ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል፤ በጋለ ብረት መተኮስ ሥቃዩን ከመጨመር በቀር በሽታውን ከመዛመት አያግደውም።

መኖውም በአንድ ጊዜ አይለወጥ። ሻጩን ጠይቆ፣ የለመደውን ድርቆሽ ከዳጉሳ ጭድ ጋር እያቀላቀሉ እስከ 10 ቀን ማላመድ ከሆድ ቁርጠት ያድነዋል። ለእንግዳ ፈረስ ገብስ መከመር በደግነት የሚፈጸም ጥፋት ነው።

የቀበሌ መሪዎችም ቀኑ ሳይሞላ ወደ ጋራ የውሃ ገንዳ እንዳይነዳ ሊቆጣጠሩ ይገባቸዋል።