ከጤና ሪፖርቱ ጀርባ ያለው ቀዳዳ

በአማራ ክልል ደብረ ኤልያስ ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የከተበቻቸው ሕፃናትና የተከታተለቻቸው ነፍሰ ጡሮች ቁጥር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ወደሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሶፍትዌር፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ ይገባል። የክትባትና የመድኃኒት ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ ቁጥር ነው።

ሶፍትዌሩን የሚያበለጽገው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውስጡ ግን ሌሎች ጽፈው በነፃ የለቀቋቸው በርካታ ክፍሎች አሉ። ሎግ ፎር ጄ አንዱ ነው፤ ሥራው ሰርቨሩ ላይ የሚሆነውን መመዝገብ ነው። ይህን በመላው ዓለም የተሠራጨ ክፍል በ2014 ዓ.ም. ይጠብቁ የነበሩት ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ያውም በትርፍ ጊዜያቸው።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ሰርጎ ገብ የሰው ሰርቨር ላይ እንዳሻው እንዲያዝ የሚፈቅድ ቀዳዳ ሎግ ፎር ጄ ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ማስተካከያው በጥድፊያ ወጣ። በሳምንቱ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ፤ መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2021-45105 ነው። ይህኛው መረጃ አይሰርቅም፤ አገልግሎት ያቆማል። መዝገብ ጻፊው በተወሰነ አኳኋን ከተዋቀረ፣ ከውጭ የመጣን ቃል ከመጻፉ በፊት ትርጉሙን ይፈልጋል። አጥቂው ራሱን መልሶ የሚጠራ ቃል ከላከ ፍለጋው ማብቂያ የለውም፤ ማህደረ ትውስታው ይሞላል፣ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ለዚህ አንዲት አጭር መስመር ትበቃለች። ቀዳዳውን 2.17.0 የተባለው የሎግ ፎር ጄ እትም ዘጋው።

ደብረ ኤልያስ በዚህ ተመታች አልልም። እዚያ «ሲስተም የለም» ሲባል ብዙ ጊዜ የጠፋው መብራት ወይም ኔትወርክ ነው፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ግን ኔትወርክ ሲመለስ የሚጠብቀው ሰርቨር እየሠራ መገኘት አለበት።

ኦስሎ ማስተካከያ ያወጣል፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ግን እያንዳንዱ አገር ነው፤ ስለዚህ የመጫኑ ኃላፊነትም የራሱ ነው። የእኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጥቂውን ይቀጣል፤ ቅጣት ግን ያረጀ ክፍል አያድስም። አሜሪካ በግንቦት 2013 ለመንግሥት ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች ውስጡ ያሉትን ክፍሎች ዘርዝረው እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሥራ ጀምራ ነበር። እንዲህ ያለ አሠራር ሚሊዮኖች አይጠይቅም፤ ዝርዝርና ኃላፊ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የጤና፣ የመሬትና የመታወቂያ ሥርዓት ውል የምትፈርሙ ኃላፊዎች፦ የክፍሎቹን ዝርዝር ጠይቁ፤ ቀዳዳ በተሰማ ዕለት ማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደፍነውም ውሉ ላይ አስፍሩ።