መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰደው መቼ ነበር?

አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ቤተሰቡ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ዕድሜው፣ መልኩና የለበሰው ልብስ ይመዘገባል። የጠፋው ሰው የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ ግን ከእነዚህ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰደው መቼ ነበር? የጥያቄውን ክብደት ከፊዚክስ አንጻር እንመልከት።

የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ምልክት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቧል። ሕመሙ ሲነሣ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ከመጠን ያለፈ ምልክት በአንድነት ይለቃሉ። መድኃኒት ይህን ይገታል፤ ነገር ግን ከደም ውስጥ እያደር ይወገዳል።

ተማሪዎች በራዲዮአክቲቭ ትምህርት የሚያውቁት «ግማሽ ዕድሜ» እዚህም ያገለግለናል። ሌቬቲራሲታም የተባለው መድኃኒት በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በ7 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ከ28 ሰዓት በኋላ የሚቀረው 1/16ኛው ነው። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ግን በግማሽ ለመቀነስ 4 ቀን ያህል ይፈጅበታል። እርግጥ ነው፣ የሰው አካል እንደ ቀመር አይታዘዝም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚጥለውም አለ። እንቅልፍ ማጣትም ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ለጠፋ ሰው የሥጋት ደረጃ ይሰጣል። «ከፍተኛ» የተባለ ጉዳይ ወዲያውኑ የፍለጋ ኃይል እንዲሰማራ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ እንግሊዝ የሚጥል በሽታ የነበረባት አንዲት ወጣት ጠፍታ ሕይወቷ አልፎ ተገኘች። ስለ አሟሟቷ በ2022 በተካሄደው ችሎት ፖሊሶች ስለዚህ ሕመም የሚሰጣቸው ሥልጠና ጥያቄ ተነሥቶበታል።

ሥልጠናው ምን ማስተማር አለበት? በመጀመሪያ፣ ሥጋት ከጊዜ ጋር የሚለወጥ መጠን ነው፤ ትናንት «መካከለኛ» የተባለው ዛሬ እንደገና መመዘን ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ሁልጊዜ ሰውን አይጥልም። አንዳንዱ ራሱን ሳያውቅ ይራመዳል፤ ሌላው ከነቃ በኋላ ግራ ተጋብቶ ይቆያል። ስሙ ሲጠራ ላይመልስ ስለሚችል ፈላጊዎች በጥሪ ብቻ ሳይወሰኑ ጥሻውንና ቦዩን በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ሦስተኛ፣ እንዲህ ያለው ሰው የሰከረ ወይም ትእዛዝ የናቀ ሊመስል ይችላል። በኃይል ቢይዙት ሳያውቀው ሊታገል ይችላልና በለሰለሰ ድምፅ እያናገሩ ከመኪና መንገድ፣ ከውኃና ከእሳት ማራቅ ይበጃል። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ከቤተሰባችሁ ወይም ከዶርም ጓደኞቻችሁ መካከል ይህ ሕመም ያለበት ሰው ካለ የመድኃኒቱን ስምና የሚወስድበትን ሰዓት ፈቅዶ ቢነግራችሁ ጽፋችሁ ያዙ። ከጠፋ ለፖሊስ በቅድሚያ ይህን ተናገሩ። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ቤተሰብ ጣቢያ ከደረሰበት ጊዜ ሳይሆን የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠበት ጊዜ ነውና።