የአልጋ ዳር የሽጉጥ ካዝና

በአሜሪካ ራስን ለመከላከል ተብሎ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ግዴታዎችን ይሸከማል፤ ሌሊት በር ሲሰበር ባለቤቱ ከእንቅልፉ ባንኖ፣ በጨለማና በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ በጥቂት ሰከንዶች ሊያነሣው ይገባል፤ በቀሩት ሰዓታት ሁሉ ግን ልጅም ይሁን እንግዳ፣ ጎረምሳም ይሁን ሌባ ሊነካው አይገባም። ሁለቱን ለማስታረቅ የተሠራው ዕቃ ፈጣን የሽጉጥ ካዝና ነው፤ ይኸውም አንድ ወይም ሁለት ሽጉጥ ብቻ የሚይዝ፣ በኮሜዲኖ ውስጥ ወይም በአልጋ ቋሚ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ቁልፍ ሳይፈለግ በጣት አሻራ፣ በምሥጢር ቁጥር ወይም በአዝራሮች ጥምረት የሚከፈት የብረት ሣጥን ነው። ረጃጅም ጠመንጃዎችና ሰነዶች አብረው ከሚቀመጡበት ትልቅ ካዝና የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ የተሠራው ጊዜ ያለውን ሌባ ለማዘግየት ሲሆን፣ ትንሹ ግን የሚመዘነው ባለቤቱን ባለማዘግየቱ ጭምር ነው።

ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ከፍተኛውን መድረክ ያገኘው ከዋሽንግተን ዲሲ በተነሣ ክርክር ነው። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሠራበት የነበረው የከተማዋ ሕግ በቤት የሚቀመጥ የጦር መሣሪያ ጥይቱ ወጥቶ እንዲፈታታ፣ ያለዚያም በምላጭ ቁልፍ እንዲታሰር ያዝዝ ነበር፤ የምላጭ ቁልፍ የሚባለው ከግራና ከቀኝ ተገጣጥሞ ምላጩን የከበበውን ቀለበት በመሸፈን ጣት እንዳይገባ የሚያግድ መቆለፊያ ነው። ዲክ ሄለር የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ የተሟገተበት ይህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2008 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሰማ፣ የከተማዋ ጠበቃ ዋልተር ዴሊንጀር ቁልፉን ራሱ ሞክሮ በሦስት ሰከንድ እንደከፈተው ለዳኞቹ አስረዳ፤ ሙከራው በቀን ብርሃን የተደረገ መሆኑን ግን አልሸሸገም። ዳኞቹም ባለቤቱ መጀመሪያ የራስጌ መብራቱን ሲያበራ፣ ቀጥሎም የማንበቢያ መነጽሩን ሲፈልግ የሚያሳይ ሥዕል በቃላት ሥለው አዳራሹን አሣቁት። በዚያው ዓመት ጁን 26 ቀን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የተሰጠውና ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ የጻፈው ፍርድ፣ በቤት ውስጥ ለመከላከያ የተያዘ ሽጉጥ ሁልጊዜ ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ እንዲቀመጥ የሚያስገድደውን ድንጋጌ ሻረው፤ ይሁንና ይኸው ፍርድ አደጋን ለመከላከል የአቀማመጥ ሥርዓትን የሚደነግጉ ሕጎችን እንደማይነካ በግልጽ አስፍሯል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ባለቤቱ በገላው ያልያዘው ሽጉጥ እንዲቆለፍ የሚያዝዘውን የሳን ፍራንሲስኮ ደንብ ሲያጸና ከጠቀሳቸው ነጥቦች አንዱ ዘመናዊ ካዝና በፍጥነት ሊከፈት መቻሉ ነበር፤ ቴክኒኩ መሻሻሉ ሕጉ የሚቆምበትን መሬት አስፍቶለታል ማለት ይቻላል።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተሰራጭቶ ለሚኖረው ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው፣ ሦስቱ አስተዳደሮች የየራሳቸው የአቀማመጥ ሕግ ያላቸው መሆኑ ነው። ልጅ የሚባለው ዕድሜም የቅጣቱም ልክ የሚወሰነው በየአስተዳደሩ ስለሆነ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የለወጠ ባለ ሽጉጥ ጓዙን ሲያወርድ የሚገዛውም ሕግ ተለውጧል።

ካዝናው ሊተካው የሚሞክረው የቆየ ልማድ መደበቅ ነው። ብዙ ባለቤቶች ሽጉጡን በፍራሽ ሥር፣ በቁም ሣጥን ጫፍ ወይም በመሳቢያ ውስጥ ከልብስ በታች አኑረው ልጆቻቸው ቦታውን እንደማያውቁት ያምናሉ፤ እምነታቸው ሲፈተሽ ግን አይጸናም። በአላባማ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ወላጆችንና ልጆችን ለየብቻ ሲጠይቅ፣ ልጆቻችን መሣሪያው የት እንዳለ አያውቁም ካሉት ወላጆች 39 በመቶው፣ ልጆቻችን ነክተውት አያውቁም ካሉት ደግሞ 22 በመቶው በገዛ ልጆቻቸው ቃል ተስተባብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ሌላ ጥናት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሆነ ወንዶች ልጆች ሁለት ሦስት እየሆኑ፣ እውነተኛ ግን ሊተኩስ የማይችል ሽጉጥ በመሳቢያ በተደበቀበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከ29 ቡድኖች 21ዱ ሽጉጡን አገኙት፣ 16ቱ አነሡት፣ በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ ምላጩን ሳበው። ከነኩት ልጆች አብዛኞቹ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ የተነገራቸው መሆናቸው፣ በምክር ብቻ የሚታመን ወላጅ ምን ያህል በቀጭን ክር ላይ እንደቆመ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ዳሰሳ መሠረት ደግሞ ጥይት የጎረሰ፣ ያልተቆለፈም መሣሪያ በሚገኝበት ቤት የሚኖሩ የአሜሪካ ልጆች 4.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ለግለሰብ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በተለምዶ የሚሰጠው የኬብል ቁልፍ ነው፤ ይህም የተተኮሰው ቀለህ በሚወጣበት ቀዳዳ ገብቶ ካርታው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ተነቃይ ዕቃ፣ በሚገጠምበት በኩል የሚወጣ የብረት ገመድ ሲሆን፣ መሣሪያው ጨርሶ እንዳይጎርስ ያደርጋል። ርካሽ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል፤ ለረጅም ጊዜ ለማይፈለግ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ብዙ መፈለግ አያስፈልግም። ለሌሊቱ ጉዳይ ግን አይበጅም፤ ቁልፉን ማግኘት፣ ገመዱን መምዘዝ፣ ካርታውን መግጠምና ጥይት ማጉረስ ተራ በተራ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። የምላጭ ቁልፍም ቢሆን ሲገጠምና ሲወልቅ ምላጩን ሊነካ ስለሚችል፣ አምራቾች በጎረሰ መሣሪያ ላይ እንዳይታሰር ያስጠነቅቃሉ።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ወደ ትንሿ ሣጥን አከፋፈት ይመለሳል፤ ጥሩውና መጥፎው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ከአከፋፈቶቹ አንጋፋው ሲምፕሌክስ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ የማያስፈልገው ሜካኒካዊ የአዝራር ቁልፍ ነው። አምስት አዝራሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ አንዱን ለብቻው ወይም ሁለት ሦስቱን በአንድነት መጫን ስለሚቻል፣ እያንዳንዱ አዝራር ግን በአንድ ጥምረት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ስለማያገለግል፣ ሊመረጡ የሚችሉት ጥምረቶች 1,081 ይሆናሉ። ቁጥሩ ብዙ አይደለም፤ ማንም በሌለበት ቤት ተቀምጦ አንድ በአንድ የሚሞክር ታጋሽ ጎረምሳ ውሎ አድሮ ሊደርስበት ይችላል። ነገር ግን የሚያልቅ ባትሪ የለውም፤ አምስቱ አዝራሮች በአምስት ጣቶች ሥር ስለሚውሉ በጨለማ በዳበሳ ይከፈታል፤ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ነው እንጂ በድንገት አይደለም። ዋጋው ከኤሌክትሮኒኮቹ ከፍ የሚል ቢሆንም በዚህ ጽሑፍ ሚዛን አስተማማኙ እሱ ነው።

የኤሌክትሮኒኮቹ ገበያ ሰፊ ነው፤ ድክመታቸውም ብዙ። የአሻራ መመልከቻ የጣትን መስመሮች ቀድሞ ከመዘገበው ምስል ጋር እያነጻጸረ የሚፈርድ በመሆኑ፣ ጣት ሲረጥብ፣ ሲቆሽሽ ወይም ሲቆስል ባለቤቱን ሊክደው ይችላል፤ አምራቹ ይህን ለማስቀረት ፍርዱን ካላላው ደግሞ ባዕድ ጣት ሊቀበል ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ፎርትረስ ሴፍ የተባለው ኩባንያ 61,000 ያህል የአሻራ ካዝናዎችን ከገበያና ከተጠቃሚዎች እንደሚሰበስብ ያስታወቀው ባልተመዘገበ አሻራ ሊከፈቱ መቻላቸው ስለተደረሰበት ነው፤ ከእነዚህ ካዝናዎች በአንዱ ከነበረ መሣሪያ ጋር በተያያዘ የ12 ዓመት ልጅ ሞቷል የሚል ክስም ቀርቦ ነበር። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው፤ አዲስ ካዝና የገዛ ሰው በራሱ ጣት መከፈቱን ብቻ ሳይሆን በሚስቱ፣ በጎረቤቱና በራሱ ባልተመዘገበ ጣት አለመከፈቱን ባዶ ሣጥን ላይ ደጋግሞ መሞከር አለበት። በርካሾቹ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድለት አለ፤ መቀርቀሪያውን የሚይዘው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሳብ ትንሽ ዘንግ፣ በደካማ ሞላ ብቻ የተደገፈ ከሆነ ሣጥኑ ሲናወጥ ሊዘል ይችላል። የመቆለፊያ ተመራማሪው ማርክ ዌበር ቶባያስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በገበያ ላይ የነበሩ በርካታ ትንንሽ ካዝናዎች እንዲህ ባሉ ድክመቶች የተነሣ በሦስት ዓመት ሕፃን እጅ እንኳ ሊከፈቱ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ስለ ሣጥኑ ገላ የሚባለው አጭር ነው። ርካሾቹ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም በማያልፍ ላሜራ ሲሠሩ፣ ጠንካሮቹ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፤ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ በብሎን ወይም በብረት ገመድ ያልታሰረ ሣጥን በሌባ ብብት ሥር ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ነው። በውስጡ ሽጉጡ ምላጩን በሚሸፍን ማኅደር ሆኖ ቢቀመጥ፣ እጅ በጥድፊያ ሲገባ ጣት ምላጩ ላይ የማረፉ አደጋ ይቀንሳል። ጥይት ጎርሶ ይደር ወይስ ካርታው ብቻ ተገጥሞ ይቀመጥ በሚለው ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም፤ የማያከራክረው አከፋፈቱን መብራት አጥፍቶ፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ መለማመድ እንደሚያስፈልግ ነው።

ይህ ሁሉ ብልሃት የሚሠራው አደጋው ከሌላ ሰው እጅ ሲመጣ ነው። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚደርሰው ሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ራስን ማጥፋት ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ ካዝናው ጣቱን አውቆ ይከፈትለታል። የመሞት ፍላጎት ብዙውን ጊዜ የሚያልፍ ማዕበል ስለሆነ፣ ያን ሰዓት በሕይወት የተሻገሩት አብዛኞቹ ሰዎች በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም፤ በመሣሪያ የሚደረግ ሙከራ ግን ከአሥር ወደ ዘጠኝ በሚጠጋ መጠን ለሞት ስለሚዳርግ ለማለፊያው ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከባድ ሐዘን፣ ድብርት፣ የመጠጥ ችግር ወይም የትዳር መፍረስ የገባበት ባለቤት ካለ፣ በሌባው ላይ ጥቅም የነበረው ፍጥነት በራሱ ላይ ጠላት ይሆናል፤ ይህን የሚፈታ የአዝራር ጥምረትም ሆነ የአሻራ መመልከቻ የለም። የሚሠራው ርቀት ነው፤ የመክፈቻ ቁጥሩን የትዳር ጓደኛ ወይም ወንድም እንዲለውጠውና እንዲይዘው ማድረግ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ የተሻለው ግን መሣሪያው ለጊዜው ከቤት መውጣቱ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ማቆያ ከቀዳሚዎቹ አንዷ የኮሎራዶ ግዛት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ከመሣሪያ ባለቤቶች ጋር ተባብረው፣ መሣሪያን በጊዜያዊነት ተቀብለው ለማስቀመጥ ፈቃደኛ የሆኑ የመሣሪያ ሱቆችን፣ የተኩስ መለማመጃዎችንና የፖሊስ ጣቢያዎችን የሚያሳይ ካርታ አዘጋጁ፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏቸው። መሣሪያ የሚያከማቹት ሱቆች ይህን ሥራ መሥራታቸው ከባለቤቶች ጋር የቆየ መተማመን ስላላቸው ነው፤ ሽጉጡን ለመንግሥት አሳልፎ ለመስጠት የሚያመነታ ሰው ለሚያውቀው ነጋዴ ለጥቂት ወራት አደራ ለመስጠት ላያመነታ ይችላል። በካርታው ላይ ስሙ የሰፈረ ተቋም ሁሉ ማንኛውንም መሣሪያ የመቀበል ግዴታ ስለሌለበት፣ ክፍያውና ሲመለስ የሚደረገው ማጣራትም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ባለቤቱ መሣሪያውን ይዞ ከመሄዱ በፊት ስልክ ደውሎ ይጠይቃል።