ተጨማሪ መረጃ፦ ማደያው ዚፕ ኮድ ሲጠይቅ
በአሜሪካ ብዙ የነዳጅ ማደያ ማሽኖች ካርድ ሲገባባቸው የባለካርዱን ባለ5 አኃዝ ዚፕ ኮድ ይጠይቃሉ። በተሰረቀ ካርድ ነዳጅ እንዳይቀዳ፣ ቁጥሩ ባንኩ ከመዘገበው አድራሻ ጋር ይመሳከራል። የውጭ አገር ካርድ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃል። ካናዳውያን ግን መላ አላቸው፦ ከፖስታ ኮዳቸው ፊደላቱን ትተው 3ቱን አኃዞች ያስገቡና 00 ይጨምሩበታል፤ «ኤም5ቪ 2ቲ6» 52600 ይሆናል ማለት ነው። ሁሌም ባይሆን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሌላው ተጓዥ ወደ ውስጥ ገብቶ ለገንዘብ ተቀባዩ አስቀድሞ ይከፍላል። መኝታና ማብሰያ ያለው ትልቅ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ያስቸግራል፤ የነዳጅ ታንኩ ሲሞላ ስንት ዶላር እንደሚፈጅ መገመት ቀላል አይደለምና። አብዝቶ የከፈለ ትርፉ ይመለስለታል፤ በካርድ ከሆነ ግን ገንዘቡ ሒሳቡ ላይ እስኪታይ ቀናት ሊወስድ ይችላል።